ማማው ላይ የታየው ኩታ

የደንቮራን ግንብ ባለርስት ሄክተር ኦጊልቪ ሐይቁ ዳር ካለው አለት ላይ ተንጋለው ወድቀዋል። አንድ እግራቸው ውሃ ውስጥ ነው። ኢንስፔክተር ኤፊ ጋልብሬዝ ሸራውን ገለጥ አድርጋ አየቻቸውና መልሳ ሸፈነቻቸው፤ ከዚያም ቀና ብላ ማማውን ተመለከተች። ሽማግሌው ጀምበር ስትጠልቅ ሁልጊዜ ራሳቸው እላይ ወጥተው ሰንደቅ ዓላማውን ያወርዱ ነበር። ትናንት ሰንደቁ እላይ ቀረና እሳቸው ወረዱ።

ከግንቡ በር ውጭ በአውቶቡስ የመጣ ሕዝብ ተኮልኩሏል። ሰው ሞቷል፣ ግቢው ተዘግቷል ቢባልም ንቅንቅ ያለ የለም። ስንት መቶ ዓመት ጦርና ውርጭ ችሎ የቆመው ግንብ ለእነሱ ምናቸውም አይደለም፤ የመጡት አንድ ተከታታይ ፊልም እዚህ ስለተቀረጸ ነው። ጀግናው የተደገፈውን ግድግዳ ሊደገፉ፣ ልጅቷ ያለቀሰችበት ደረጃ ላይ ተቀምጠው ለማልቀስ ሊሞክሩ፣ ሲመለሱም ከግንቡ ሱቅ የጀግናው ፊት የታተመበት ኩባያ ሊገዙ ነው የመጡት። ኤፊ በጠቅላላው ሰው የሚባል ነገር ብዙም አይጥማትም፤ እንዲህ ዓይነቱን ደግሞ ማየት ራሱ ያንገሸግሻታል።

«ነገሩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ፕሪንግል እጁን እያፍተለተለ። ገና ሥራ ሳይጀመር አልቋል የሚል ሰው ነው። «ይኸው ፎቶ። ከጎብኚዎቹ አንዷ ከመኪና ማቆሚያው ሆና ያነሣችው ነው፤ ጩኸቱ የተሰማው ወዲያው ነው።»

ኤፊ ስልኩን ተቀበለችው። ጀምበር ጠልቃለች። ማማው ጫፍ ላይ ባለ መስመር ቀይ የሱፍ ኩታ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ቆቡን ዓይኑ ድረስ የደፋ ሰው ቆሟል። ከወገቡ በታች ግንቡ ጋርዶታል።

«ታቪሽ ኬር ነው» አለ ፕሪንግል። «የፊልሙን ጀግና ልብስ ለብሶ ጎብኚ የሚያዞረው። ሽማግሌው ከፊልም ወዳጆች ጋር ያለኝን ጉዳይ ጨርሻለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ ብለው ነበር። ታቪሽ ሥራውን ሊያጣ ነው። ትናንት ግቢ ውስጥ ተጯጩኸዋል። ኩታው በሩ አጠገብ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። ምን ቀረ?»

«ፊቱ ይታያል?»

«ፊቱ እንኳ... ግን ልብሱ የሱ ነው።»

«ልብሱን ነው የምትከሰው? ለመሆኑ ፎቶውን አሳየኸው?»

«ለሱ ምን ያደርግለታል?»

የኤፊ አለቃ ደውሎ እስከ እኩለ ቀን ሌላ ነገር ካልተገኘ ታቪሽ ወደ ከተማ ይወሰድ ብሏል። እዚያ ከደረሰ አገሩ ሁሉ በጋዜጣ ፈርዶበት ያድራል። እሷ ያላት ጧቱ ብቻ ነው።

ታቪሽ እጁ በካቴና ታስሮ የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ያለ ኩታውና ያለ ቆቡ ሲታይ ፀጉሩ የሳሳ፣ ትከሻው የወደቀ ተራ ሰው ነው።

«ትናንት ሲመሽ የት ነበርክ?»

«ጀልባ ቤት። አኩርፌ።»

«ማን አየህ?»

«ጠርሙሱ» አለና አንገቱን ደፋ። «ሰድቤያቸዋለሁ፤ እሱን አልክድም። ግን እኚያን ሽማግሌ የምገፋበት እጅ የለኝም። አሳ ማጥመድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ወጥ ቤቷ ሼና የታቪሽ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ሞታ ያሳደገችው እሷ ነች። ትናንት ሲመሽ የት ነበርሽ ስትባል ብቻዬን ገብስ ሾርባ ላይ ነበርኩ አለችና ጭልፋውን እንደ ዱላ ጨበጠችው።

«ሰው አጥተው ነው የኔን ወንድም ያሰሩት? እሱ ብቻውን ኩታውን እንኳ አይለብስ! ጧት ጧት የማለብሰው እኔ ነኝ። ያ ኩታው ትከሻ ላይ የሚሰካበት የብር መርፌ ጉደኛ ነው፤ ካልለመዱት ኩታውን አልፎ ውስጥ የለበሱትን ይበሳል። ስንት ሸሚዝ ጥፌለታለሁ!»

«አሁን የለበሰውን ሸሚዝ ጥፈሽዋል?»

«እሱማ አዲስ ነው። ምነው? የኔ እመቤት፣ ወንድሜን ፍቱልኝና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።»

ከሼና ቀጥሎ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ስቶክ መጡ። የፊልሙ ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ረጅም፣ ትከሻቸው እንደ ወንድ የሰፋ፣ ደረታቸው ላይ የጀግናውን ፎቶ የለጠፉ ሴትዮ። የሚያለቅሱት ለሟች ይሁን ለሚዘጋው በር ለመለየት ያስቸግራል።

«ጩኸቱ ሲሰማ የት ነበሩ?»

«መጸዳጃ ቤት። እንዲህ ያለ ነገርም ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል። በሩ ቢዘጋ ማኅበርዎ ምን ይሆናል?»

«ማኅበሬ? ሕይወቴ ይበሉኝ እንጂ! ኢንስፔክተር፣ ፊልሙን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አያውቁም። እኔ እኮ ስሕተት አይቼ ዝም አልልም። ያ የሱቁ ፖስተር! የጀግናው ፊት ወደ ጽሑፉ እንዲያይ ብለው ፎቶውን ገለበጡት። ሰይፉ በግራ እጁ፣ ኩታው በቀኝ ትከሻው! በፊልሙ ላይ እኮ አንድም ቀን...»

«ወይዘሮ ስቶክ፣ እዚህ ሰው ሞቷል» አለች ኤፊ ጥርሷን ነክሳ።

ሴትዮዋ ተቆጥተው ወጡ። ኤፊ በሩ ሲዘጋ «ጉድ ነው» ብላ ተነፈሰች። ከዚያ ድንገት እጇ ኪሷ ውስጥ ቀረ። ስልኩን አውጥታ ፎቶውን ደግማ አየችው። ጊዜ ሳታጠፋ ወደ መኪና ማቆሚያው ወርዳ ስልኩን በማማው ትይዩ ከፍ አድርጋ አስተያየችው። ትንሿ የደረጃ ማማ በግራ፣ የሰንደቁ እንጨት በቀኝ፤ በፎቶውም እንደዚያው። ፎቶው አልተገለበጠም።

የቀረው የሟቹ የወንድም ልጅ ጁልያን ኦጊልቪ ነው። ለንደን ተወልዶ፣ ለንደን ተምሮ፣ አጎቱ ሱቁን እንዲይዝላቸው ከጠየቁት ወዲህ የሚመላለስ ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለው ቢሮው ውስጥ እግሩን አነባብሮ፣ ስስ ግራጫ ሹራቡን ለብሶ ጠበቃት። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ያ ፖስተር ግድግዳውን ሞልቶታል።

«እርስዎም የፊልሙ ወዳጅ ነዎት?» አለች ወደ ፖስተሩ እየጠቆመች።

ጁልያን ሳቀ። «እባክዎ አይስደቡኝ። ግድግዳው ተሰንጥቆ ነው፤ መሸፈኛ ነው። ፊልሙን አንድ ደቂቃ አላየሁትም። በር ላይ የቆሙትን አይተዋቸዋል? ከብት ናቸው። ኩባያ እሸጥላቸዋለሁ እንጂ አብሬያቸው አላለቅስም። አጎቴ በሩን እዘጋለሁ ሲሉ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።»

«ትናንት ሲመሽ?»

«እዚሁ። ብቻዬን፤ ምስክር ከፈለጉ ፖስተሩን ይጠይቁት።»

ኤፊም በልቧ እነዚያን ሰዎች ከብት ስትላቸው ነው የዋለችው። ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ቃሉ ጠነባባት። ልትወጣ ስትል ሹራቡ ቀኝ ትከሻ ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አየች። ወጥታ ለፊልም ሠሪዎቹ ስልክ ደወለች፤ ረጅም ጊዜ አወራች።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ሁሉንም ትልቁ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ታቪሽን ከነካቴናው አስመጣችው። ጠረጴዛው ላይ ቀዩ ኩታና የብር መርፌው ተቀምጠዋል።

«አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉልኝ ነው» አለች። «ተራ በተራ ይህን ኩታ ልበሱልኝ። ሼና፣ ጀምሪ።»

ሼና እያጉረመረመች ወገቧ ላይ ጠመጠመችውና ጫፉን ግራ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ወይዘሮ ስቶክ የክብር ልብስ እንደሚሸለም ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ለበሱት፤ እሳቸውም በግራ ትከሻ። ሼና እንኳ በእንባዋ መሐል ልትስቅ ቃጣት።

«አሁን እርስዎ፣ አቶ ጁልያን።»

«የሕፃን ጨዋታ ነው እኮ!»

«ቶሎ ያልቃል።»

ጁልያን ከንፈሩን አጣሞ ኩታውን አነሣ፣ ወገቡ ላይ ዞር አደረገው፣ ጫፉንም ቀኝ ትከሻው ላይ ወረወረው። መርፌውን ለማንሣት እጁን ዘረጋ።

«መርፌውን ይተዉት» አለች ኤፊ። «ሹራብዎን አንድ ጊዜ ወግቶታል፤ ይበቃዋል።»

የጁልያን እጅ ሳያስበው ቀኝ ትከሻው ላይ ሄዶ ቀዳዳውን ነካ።

«አልገባኝም» አለ ፕሪንግል።

«እንደማይገባህ አውቃለሁ፤ ቁጭ በል። ማማው ላይ የነበረው ታቪሽ ነው የተባለው ፊቱ ስለታየ አይደለም፤ ኩታው ስለታየ ነው። ለመግደል የወጣ ሰው አገር የሚያውቀውን ልብሱን ለብሶ ፎቶ በሚያነሣ ሕዝብ ፊት ይቆማል? እንዲታይ የተፈለገው ልብሱ ነው። የተደበቀው ሰውየው ነው። ቁም ሣጥኑ ቁልፍ የለውም፤ ከእናንተ መሐል ማንም ኩታውን ሊወስድ ይችል ነበር። ሽማግሌው ሲመሽ ወደ ማማው እንደሚወጡም ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

ስልኩን ከፍ አደረገችው።

«አሁን ትከሻውን እዩ። ኩታው ቀኝ ትከሻ ላይ ነው የተሰካው። የዚህ አገር ሰው ግራ ትከሻው ላይ ነው የሚሰካው፤ ቀኝ እጁን ለሰይፍ ነጻ ለማድረግ። ፎቶው ተገልብጦ እንዳይሆን ከማማው ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ ልክ ነው። የተሳሳተው ለባሹ ነው።»

«ታቪሽ ሆን ብሎ አገላብጦት ከሆነስ?» አለ ፕሪንግል።

«ሆን ብሎ ቢያገላብጠው 'ትከሻውን እዩልኝ' እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኽብህ ነበር። የጮኸው ግን ጀልባ ቤት ነበርኩ እያለ ነው፤ ስለ ትከሻ ያነሣው ነገር የለም። ሸሚዙም አልተበሳም። ሼና በየጧቱ በገዛ እጇ ግራ ትከሻው ላይ ትሰካለታለች። ወይዘሮ ስቶክ ፊልሙን በቃላቸው ያውቁታል፤ የፖስተሩን ስሕተት ለሰማውም ላልሰማውም ሲናገሩ ኖረዋል። ኩታውን በቀኝ የሚለብሰው ፖስተሩን በየቀኑ የሚያይ፣ ፊልሙን ግን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ደቂቃ አላየሁትም ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ አቶ ጁልያን።»

«ምን አተርፋለሁ?» አለ ጁልያን። ድምፁ ቀጥኗል። «በሩ እንዲዘጋ የምፈልግ ሰው!»

«ፊልም ሠሪዎቹን አነጋግሬያቸዋለሁ። በሚቀጥለው ፀደይ እዚሁ ሌላ ፊልም እንዲቀርጹ እርስዎ ተስማምተውላቸዋል። እነሱ አጎትዎስ ሲሉዎ፣ 'እሳቸው እስከዚያ እንቅፋት አይሆኑም' ብለዋቸዋል። ከእነሱ አንዱ ይህን ሲነግረኝ የምሥራች የሚያበሥር ነበር የሚመስለው።»

ጁልያን ኩታውን ከላዩ ገፍፎ መሬት ላይ ጣለው። «እኚያ ሽማግሌ ለአንድ ክምር ድንጋይ ሲሉ ሁላችንንም ሊያስርቡን ነበር! እናንተም... ለአንድ ጨርቅ! እነዚያ ጅሎች ለሚያመልኩት አንድ ቡትቶ!»

«ለጨርቁ አይደለም» አለች ኤፊ። «ከናቋቸው ሰዎች ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ያንን የማይረባ ፊልም ቢያዩ ኖሮ ታቪሽ እስር ቤት ያረጅ ነበር። የያዝዎ ንቀትዎ ነው።»

ይህን ስትል ጥሩ አልተሰማትም። እሷም ወይዘሮ ስቶክን በዚያው ንቀት ልታባርር ምንም አልቀራት ነበር። ቀና ስትል ሴትዮዋ እያይዋት ነበር፤ ኤፊ ዓይኗን ሰበረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ስቶክ» አለች። ይህን ቃል ከአፏ ያወጣችበትን ጊዜ ፕሪንግል አያስታውስም።

ካቴናው ከታቪሽ እጅ ወጥቶ ወደ ጁልያን ተዛወረ። ሼና ወንድሟን አንገቱን አንቃ ያዘችው፤ «ታቪዬ፣ ታቪዬ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። እሱ ደግሞ እንደ ሕፃን አገጩን ትከሻዋ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ለራሱ ይሁን ለሽማግሌው አልለየም።

በሩ ተከፍቶ ፖሊሶቹ ጁልያንን ይዘው ሲወጡ ሕዝቡ ግር ብሎ ተነሣ። የታሰረ ሰው፣ ፖሊስ፣ ከኋላ የድንጋይ ግንብ፤ ትርዒት መሰላቸው። አንዱ አጨበጨበ፣ ሌሎቹ ተከተሉት፣ ስልኮች ሁሉ ከፍ አሉ። ወይዘሮ ስቶክ «አቁሙ! እውነት ነው እኮ! አታፍሩም?» እያሉ ቢጮኹ ጭብጨባው ጭራሽ ደመቀ።

ታቪሽ የእጁን አንጓ እያሸ ከእህቱ ጋር ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከሩቅ አገር ድረስ እሱን በጀግናው ልብስ ለማየት ብላ የመጣች አንዲት ሴት ስልኳን እንደደገነች እጇን አወዛወዘችበት።

«ጌታው፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፤ ጋረዱን እኮ።»

ታቪሽ ይቅርታ ጠይቆ ፈቀቅ አለላት።