የብርቄ ሠርግ በዝግታ

ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ለሚለኝ ሁሉ «ሆድህ ባዶ ሆኖ ነው፣ ብላና ተኛ» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ካንዱ ልጄ ቤት ወዳንዱ ስዞር ከኮንጋ እስከ ፍስሐ ገነት ስንቱን ጫካ በእግሬ አቋርጫለሁ፣ አንድም ነገር ገጥሞኝ አያውቅም፣ ይህን ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ዲላ፣ የልጅ ልጄ የሕይወት ክፍል ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት፣ እመኑኝ።

ሕይወት እናቷን አታውቃትም። ልጄ ብርቄ በተዳረች በዓመቷ እሷን ስትወልድ ሞተችብኝ፣ ያሳደግኳትም እኔ ነኝ፣ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «እምዬ፣ እናቴን መርቀሽ ነው የዳርሻት አይደል?» እኔም «እጄን ራሷ ላይ ጭኜ ነዋ!» እላታለሁ።

ውሸቴን ነው። ብርቄ ሳታማክረኝ የቡና መኪና ሾፌር መርጣ ተኳርፈን ነበር፣ የሠርጓ ዕለት ጉልበቴን ልትስም ስትንበረከክ ሁለት እጄን ጋቢዬ ውስጥ ቀብሬ ፊቴን ወደ እንሰቱ አዞርኩባት። ያልተመረቀች ሙሽራ ዕድሜ የላትም ይባላል እኛ ዘንድ፣ እኔ አላምንም እላለሁ፣ እንቅልፌን ግን ወስዶታል።

ሕይወት ልታገባ ባለችበት ሰሞን የእናቷ ሠርግ የተቀረጸበትን የቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር አስገለበጠች፣ ብርቄ ጉልበቴን የምትስምበት ቦታ ብልጭ ብሎ ያልፋል።

«ላዘግየውና እንየው» አለችኝ።

«ያልተነሳውን ከየት ታመጪዋለሽ?»

«ካሜራው በሰከንድ ሃያ አምስት ፎቶ ነው የያዘው፣ እንዲሁ ስታዘገዪው ይንገጫገጫል፣ የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ግን የፊቱንና የኋላውን ፎቶ አይቶ መሃሉን ራሱ ይሠራዋል።»

«ታዲያ ውሸት ነዋ!»

«ግምት ነው እምዬ፣ አንቺ ደግሞ!»

ጉዴ እንዳይወጣ ብዬ ዓይኔ ደክሟል ብላት ወንበሬን ጭራሽ አስጠጋችው።

መጀመሪያ እልልታው ተጎተተ፣ እየተጎተተ ሄዶ ልቅሶ ሆነ። ብርቄ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ቀስ ብላ ተንበረከከች፣ ቬሎዋ አየር ላይ ቆየ፣ ፊቴ ዞረ፣ እጆቼ ጋቢው ሥር ጉብ ብለው ይታያሉ፣ ሁለቱም። ያኔ ከትከሻዬ ኋላ ሌላ እጅ መጣ፣ ረጅም፣ ነጣ ያለ፣ ገና ከውሃ የወጣ የመሰለ፣ መጥቶ የብርቄ ራስ ላይ ዐረፈ።

«አየሽ? መርቀሻታል!» ብላ ሕይወት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«እስቲ ዋናውን፣ ያልዘገየውን መልሺው» አልኳት፣ መለሰችው፣ እጅ የሚባል የለበትም።

«ፕሮግራሙ ያንቺን እጅ ገምቶ ነው» አለች፣ ደስታዋን ሳይ እውነቱን መናገር አቃተኝ። የገዛ እጄን አላጣውም መቼም፣ ደግሞም ያን ቀን ከኋላዬ የነበረው ግድግዳ ነው።

የሕይወት ሠርግ ደረሰ። ጉልበቴን ልትስም ስትንበረከክ ግራ እጄ ምርኩዜን ይዟል፣ ቀኝ እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ፣ «ውለጂ፣ ክበጂ» እያልኩ መመረቅ ጀመርኩ፣ እሷ ቀና ሳትል እየሳቀች፣ «እምዬ፣ አንዱን እጅሽን አንሺልኝ፣ በረዶ ነው» አለችኝ።

አሁን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ያ እጅ ልጆቼን የመረቀ ይሁን ለራሱ የመረጠ አላውቅም፣ ቤቷ ተቀምጬ ቀን እቆጥራለሁ።