ከከፋ የመጣችው ሐረግ

ዶክተር ይልቃል ከጫካ በተመለሰ ቁጥር ቤቱ እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ሥራው ዕፅዋት መሰብሰብ ነው፤ የለቀመውን ሁሉ በአሮጌ ጋዜጣ መሃል እየዘረጋ፣ በሁለት ሳንቃ አጣብቆ በጠፍር ያስረውና እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ሚስቱ ትርሲትም የረጠበውን ጋዜጣ በደረቅ ስትቀይርለት ኖራለች። ከከፋ ያመጣትን ሐረግ ግን ሊያደርቃት አልፈለገም። ከነሥሯ በሸክላ ተክሎ የሥራ ክፍሉ አስገባትና በሩን ቆለፈ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነበር፤ በበሩ ሥር ሾልኮ ኮሪደሩን የሚሞላ፣ ዝናብ የመታው የሴት ፀጉር የሚመስል ሽታ። ቀጥሎ ወሬው። ይልቃል በለሆሳስ ያወራል፣ ሰው እንደሚመልስለት ዝም ይላል፣ ከዚያ ይስቃል፤ ለትርሲት ከሳቀላት ስንት ጊዜው! አንድ ቀን ከሰዓት ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ «አንቺን የሚያህል የት ይገኛል?» ሲል ሰማችው። በቁልፉ ቀዳዳ ብታይ ሴት የለችም። ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል፤ ነፋስ በሌለበት ክፍል፣ ሐረጊቱ በጣቶቹ መሃል ቀስ እያለች ትጠመጠማለች።

«ጭራሽ ቅጠል ጣውንት ታመጣብኝ?» አለችው ምሳ ላይ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች» አለ ወደ ተቆለፈው በር እያየ።

በማግስቱ ለስብሰባ ወጣ ሲል በሩን በመጥረቢያ ሰበረችው። ሐረጊቱ ግድግዳውን አልብሳ ጣሪያ ደርሳለች፤ ከሠርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ ይልቃልን ትታ የትርሲትን ፊት ብቻ ሸፍናለች። ትርሲት በንዴት ስትበጣጥሳት ነጭ ወተቷ ከንፈሯ ላይ ተረጨ፤ ጣፋጭ ነበር። ጓሮ አውጥታ አቃጠለቻት፤ እርጥቡ ግንድ ሲነድ እንደ ሰው አቃሰተ። ትርሲት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ልቧ ቀለል አላት።

ይልቃል መጥቶ ጭሱን ሲያይ እያለቀሰ ወደ ጓሮ ሮጠ።

«ምነው ትርሲት! የወደድኳት መሰለሽ? ከጫካ ጀምሮ የምትጠይቀኝ ስለ አንቺ ብቻ ነበር። ቀናተኛ ናት። ባባብላት ትተውሽ ይሆናል ብዬ ነው እኮ!»

ትርሲት እንባዋ መጣ፤ ይቅር በለኝ ልትለው አፏን ከፈተች፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ለስላሳ ድምፅ ግን «በቃ አታልቅስ፣ ትርሲት ሄዳለች፤ አሁን ብቻችንን ነን» አለው።