ሰላም ብላሃለች

ኅዳር አሥራ አንድ፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሜ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ልጅቷን ትንፋሽ አጠራት! የሚነፋው የአስም መድኃኒቷ ባዶ ነው!» ሆስፒታል ስደርስ የስምንት ዓመቷ ልጁ አርፋለች።

ወንድሜ በያጅ ነው፤ ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከተለያዩ ወዲህ ልጅቷና ታናሽ ወንድሟ ቅዳሜና እሑድን ከአባታቸው፣ ሌላውን ቀን ከእናታቸው ጋር ያሳልፉ ነበር። ማን ያሳድጋቸው የሚለው ክርክር ግን ፍርድ ቤት ነበር።

«እኔ ቤት ኑና የልጆቹን ነገር ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ከተስማማችሁ ዳኛው ያጸድቅላችኋል» ብዬ ለምኛቸው ነበር።

«ዳኛ ባለበት አገር እሷን የምለማመጥ ምን ሆኜ ነው?» አለ ወንድሜ።

«ፊቱን የማየው ችሎት ላይ ብቻ ነው» አለች እሷ።

ስልክ እንኳ አይነሣሡም ነበር። መልእክቱ ሁሉ በልጅቷ አፍ ሆነ፤ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው»፣ «ለዚያች ሴትዮ ንገሪያት»። እኛ ዘመዶቿም ነገሩ አስቆን «አምባሳደሯ» አልናት።

«አምባሳደሯ፣ ዛሬስ ጦርነት ነው ሰላም?» ስላት፣ «ሰላም ነው፣ አክስቴ» ትለኝ ነበር። ሁልጊዜ።

ከቀብር ስንመለስ እናትየው የወንድሜን ኮሌታ ጨመደደች።

«ዓርብ ልኬብህ የለም ወይ? መድኃኒቷ ሊያልቅ ነው፣ ልብ ካለህ ግዛ ብዬ!»

«አልነገረችኝም። ሰላም ብላሃለች ነው ያለችኝ። ሁሌም እንደዚያ ነው የምትለኝ።»

«እኔ? አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብዬህ አላውቅም!»

እጇ ከኮሌታው ላይ ወደቀ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«አንተስ... አባዬ በርቺ ብሎሻል የምትለኝ?»

«ኧረ እኔ አልላክሁም።»

ልጅቷ ለካ በመንገድ ላይ ስድቡን እየለቀመች ትጥል ኖሯል። የዚያን ዓርብ ግን የመድኃኒቱ መልእክትና ስድቡ ተጣብቀው መጡባት። መለየት ቢያቅታት ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

ወላጆች ሆይ፣ ትዳር ቢፈርስ እናትነትና አባትነት አይፈርስም። ዳኛ የሚያየው መዝገብ ነው፤ የትኛው ልጅ ብርድ ሲመታው እንደሚያፍነው የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ተቀመጡ፣ ፊት ለፊት ተነጋገሩ፣ ተናደዱም። ልጃችሁን ብቻ በመካከላችሁ አታመላልሱ። ልጅ ከሰማው ይልቅ የተመኘውን ያደርሳል።

በዚያው ወር ሁለቱም እኔ ቤት መጡ። የትንሹን ልጅ ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተስማምተው ጨረሱ፤ ዳኛውም አጸደቀላቸው። አሁን ዓርብ ዓርብ ወንድሜ ራሱ በሯ ድረስ ሄዶ ልጁን ይወስዳል። ምን እንደበላ፣ አስሎት እንደሆነ በራሷ አፍ ትነግረዋለች፤ እሱም ይሰማታል።

ሰላም ሲባባሉ ግን እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም።