አሲያና ባዶዎቹ ጉድጓዶች

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። እግራችሁንም ዘርጉና አሳርፉት፤ ይሄ ታሪክ ብዙ ያስኬዳል።

በአፋር በረሃ አሲያ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ ስድስት ዓመት፣ ወሬዋ ግን የስድሳ ዓመት ሰው ወሬ።

አባቷ ሁመድ ይባላል። ሁመድ ወርቅ የሚፈልግበት ማሽን አለው። ማሽኑ እንደ ዱላ ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ሰሃን ክብ ነገር አለው።

አሸዋው ውስጥ ብረት ወይም ወርቅ ካለ፣ ማሽኑ «ዊው፣ ዊው፣ ዊው» ይላል።

አንድ ቀን አባቷ እንዲህ አለ፦ «ነገ አንዲት ፍሬ ወርቅ ካገኘሁ እዚሁ እቀራለሁ። ካጣሁ ግን ወርቅ ፍለጋ ከሚወጡት ሰዎች ጋር ወደ ሩቅ በረሃ እሄዳለሁ።»

«መቼ ትመለሳለህ?» አለች አሲያ።

«ዝናብ ሲመጣ።»

አሲያ ወደ ሰማይ ቀና አለች። ደመና የለም። የደመና ግልገል እንኳ የለም።

«እንግዲያው እኔም ነገ አብሬህ እፈልጋለሁ» አለች።

ጎህ ሲቀድ ተነሱ። አባቷ ማሽኑንና ውሃውን ያዘ። አሲያ ትንሿን ዶማ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«አንቺ ራቅ ብለሽ ተከተይኝ» አላት። «ዶማው ብረት ነው። ከቀረበ ማሽኑ በከንቱ ይጮኻል።»

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። አሸዋው እግር ይይዛል። ፀሐይዋም አናታቸው ላይ ቁጭ ብላ፣ አልነሳም ብላለች።

የማሽኑ ድምፅ ቀጭን ነው። አባቷ ደህና አድርጎ ለመስማት ጎንበስ አለ።

«ዊው፣ ዊው፣ ዊው።»

አሲያ ዶማውን ይዛ ሮጠች። አባቷ ቆፈረ። ጫር፣ ጫር፣ ጫር።

«ወርቅ ነው?»

«ባዶ ነው።»

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። አባቷ ጎንበስ አለ። «ዊው፣ ዊው፣ ዊው።» ጫር፣ ጫር፣ ጫር።

«ወርቅ ነው?»

«ባዶ ነው።»

ሄዱ፣ ሄዱ። አንዱን «ሄዱ» ተዉት፤ ደክሟቸዋላ።

አሁንም አባቷ ጎንበስ አለ። «ዊው፣ ዊው፣ ዊው።» ጫር፣ ጫር... ጫር።

«ወርቅ ነው?»

«የሰርዲን ቆርቆሮ ነው።»

«ሰርዲኑስ?»

«ሰርዲኑን የበላው ሰውዬ አርጅቷል፣ ልጄ።»

አሲያ አሸዋው ላይ ዘጭ አለች። እግሯ ደክሟል። እጇ ደክሟል። ወሬዋ እንኳ ደክሟል፤ ዝም ብላ አባቷን ታየው ጀመር።

አባቷ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ማሽኑ ዝም። ጎንበስ ሲል «ዊው»። ቀጥ ሲል ዝም። ጎንበስ ሲል «ዊው»።

«አባ፣ ጎንበስ ስትል ብቻ ነው የሚጮኸው» አለች።

«ታዲያ ወርቁ እኔ ነኛ» አለ አባቷ ላቡን እየጠረገ።

«አይደለም። ወገብህን እየው።»

አባቷ ወገቡን አየ። ወገቡ ላይ ቆልማማ ትልቅ ቢላዋ ታጥቋል። ጊሌ ይባላል። ጎንበስ ባለ ቁጥር ጊሌው ወደ ማሽኑ ይቀርባል።

የልጁን ዶማ ያራቀ ሰውዬ፣ የራሱን ጊሌ ረስቶታል። እንዴት አይረሳው? እንደ እጁና እንደ እግሩ ነው፤ ሲተኛም አይፈታው።

«ፍታው» አለች አሲያ።

«ጊሌዬን ፈትቼ? ራቁቴን ልሂድ?»

«እዚህ ያለነው እኔና አንተ ነን። እኔ ደግሞ አላይህም» አለችና ዓይኗን በሻሿ ሸፈነች።

አባቷ ወዲያ አየ። ወዲህ አየ። አንዲት እንሽላሊት ብቻ አለች። ጊሌውን ፈታና ለአሲያ ሰጣት።

አሲያ ርቃ ሄዳ አንዲት እሾሃማ ግራር ሥር ተቀመጠች። ጊሌውን ከነአፎቱ እቅፍ አደረገችው። ከባድ ነው።

አባቷ ሄደ። ጎንበስ አለ። ዝም። ደግሞ ሄደ፣ ጎንበስ አለ። ዝም።

ዝም... ዝም... ዝም...

ፀሐይዋ እንኳ ደክሟት ወደ ታች ወረደች። አሲያ በሻሿ ቀዳዳ አጮልቃ አየች። አባቷ እግሩን እየጎተተ ነው።

ያን ጊዜ፣ በጣም ቀጭን ድምፅ ተሰማ። እንደ ትንኝ። «ዊ...»

አሲያ ጊሌውን ግራሩ ሥር ትታ ዶማውን ይዛ ሄደች። ለመሮጥ አቅም የላትም።

ጫር፣ ጫር፣ ጫር። አባቷ አሸዋውን በእጁ ዘገነ። እፍ አለው። እፍ አለው። መዳፉ ላይ አንዲት ቢጫ ነገር ቀረች። ምስር ታክላለች።

«ወርቅ ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ ለምን አትስቅም?»

«ፊቴ ደክሞታል» አለ አባቷ።

አሲያ በሁለት ጣቶቿ የአባቷን ከንፈር ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረገችለት። ያኔ ሳቀ።

ጊሌውን ታጥቆ፣ አሲያን አዝሎ ወደ ቤት ተመለሰ። እናቷ መዲና ጎጆው ደጃፍ ላይ የፍየል ወተት ይዛ ጠበቀቻቸው።

«ለሰዎቹ እኔ አልሄድም በያቸው» አላት አባቷ ገና ሳይቀመጥ።

ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብለው ወተታቸውን ያዙ።

«ነገ እዚህ ነህ?» አለች አሲያ።

«እዚህ ነኝ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«እዚህ ነኝ።»

«ከዚያስ ወዲያ?»

አባቷ ወተቱን በእጁ እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶታል።

አሲያ ወተቱን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደች። የሱንም ጠጣችለት። ከዚያ ክንዱን ትራስ አድርጋ ተኛች።

ሌሊት አባቷ ሲነቃ ክንዱ ደንዝዟል። ግን እስኪነጋ አላንቀሳቀሰውም።