መቋሚያው ሲወርድስ?

ትንቢት ያን ጨዋታ የሰማችው ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት ነው። ሰማችው ከማለት ግማሹን ያዘችው ማለት ይቀላል። አልጋ ሥር ከድመቷ ጋር ተጋድማ ነበር፤ ውጭ ዝናብ ይወርዳል። አጎቷ ቢያዝን ከመሸንቲ አንድ ጆንያ ሙሉ ነገር ተሸክሞ መጣና ደጃፉ ላይ ዘፍ አድርጎት ወገቡን ይዞ እንዲህ አለ፦

«እኔ የምለው መሪጌታ፣ እናንተ ቆማችሁ ትውላላችሁ፤ ቆማችሁ ታድራላችሁ። ይሁን። ሥራው ታዲያ የቱ ላይ ነው?»

አባቷ አንድ ነገር መለሱ። ምን እንደ መለሱ ግን ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ዋጠው። ለትንቢት የቀረላት የሳቁ ድምፅ ብቻ ነው፤ አጎቷ እስኪያስለው ድረስ ነበር የሳቀው።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ትንቢት ስምንተኛ ክፍል ደረሰች፤ የአጎቷ ጥያቄም ሐሙስ ዕለት በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ተመልሶ መጣባት።

የሳይንስ አስተማሪያቸው መምህር ሕዝቅኤል በመጻሕፍት የተሞላ ቦርሳቸውን አንስተው፣ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ያዙት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አሁን ሥራ እየሠራሁ ነው?»

«አዎ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«አይደለም! ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው። ቦርሳውን ደግፌዋለሁ፤ ኃይል አለ። ግን ንቅንቅ አላለም፤ ርቀቱ ዜሮ። በዜሮ የተባዛ ምን ይሆናል? እስከ ማታ እንዲህ ይዤው ብቆም ቦርሳው ላይ የሠራሁት ሥራ ዜሮ ነው።»

ከኋላ ወንበር ኪሩቤል እጁን ሳያወጣ ተናገረ። ኪሩቤል አባቱ በሥራ ተዛውረው ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክፍሉን ማሳቅ እንደ ግዴታው ይቆጥረዋል።

«ቲቸር፣ እንግዲያው የትንቢት ፋዘር ደሞዛቸውን ይመልሱ! ሙሉ ሌሊት ዱላ ተደግፈው እኮ ነው የሚቆሙት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የትንቢት አባት መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ በሐይቁ ዳር ባለው ደብር ማኅሌት እንደሚቆሙ የማያውቅ የለም።

«ዱላ አይደለም፤ መቋሚያ ነው!» አለች ትንቢት ብድግ ብላ። ሳቁ ባሰ። «ደግሞ ዝም ብለው አይቆሙም። ሲወርቡ መቋሚያውን ያነሡታል፣ ያወርዱታል። ይንቀሳቀሳል! አንተ በዓመት የማትሠራውን በአንድ ቀን ይሠራሉ።»

«አቦ አታካብጂ! አረጋግጪዋ።»

መምህር ሕዝቅኤል ቦርሳቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው በርቷል። «ልክ ነው፤ ሳይንስ ጩኸት አይደለም። ሰኞ ለክፍሉ አረጋግጪ። በቁጥር።»

ትንቢት ጆሮዋ እየጋለ ተቀመጠች። በእነሱ ክፍል ቅጽል ስም አንዴ ከተለጠፈ አይነሣም፤ አምና ዳቦ ደብቆ ሲበላ የተያዘው ልጅ እስከ ዛሬ «ዳቦ» ነው የሚባለው። በእረፍት ሰዓት ወደ ውኃው ቧንቧ ስትሄድ ከኋላዋ አንዱ «አባ ዜሮ!» ሲል ሰማች። አባቷን ነው። ሰኞ ቁጥር ይዛ ካልመጣች ስሙ ተለጥፎ መቅረቱ ነው።

ሹም አቦ ሰፈር ከሚገኘው ቤታቸው ስትደርስ አባቷ ብስክሌታቸውን ገልብጠው ሰንሰለቷን ዘይት ይቀቡ ነበር።

«አባባ፣ መቋሚያዎን ላስመዝነው?»

«ምነው፣ ታመመ?»

ትንቢት ሳቀች። የቤት ሥራ ነው ብላ አስረዳቻቸው፤ አባ ዜሮን ግን ዋጠችው። ከዚያ የቆየባትን ጠየቀች፦ «አጎቴ ቢያዝን ‹ሥራው የቱ ላይ ነው› ያለዎት ጊዜ ምን ብለው ነበር የመለሱለት?»

«ቢያዝን መቼ ነው እንዲህ ያለ?»

«ዝናብ የነበረ ጊዜ። ጆንያ ይዞ መጥቶ።»

«ድንች ነው ሽንኩርት?»

«እኔ ምኑን ዐውቄ! አልጋ ሥር ነበርሁ።»

መሪጌታ ፔዳሉን አሽከረከሩና አሰቡ። «እኔም ረሳሁት። ድንች ይሆናል። ሽንኩርት ቢሆን አያስቀንም ነበር።»

መቋሚያው ሰፈራቸው ካለው የወለተ ኪዳን ሱቅ ተመዘነ። ወለተ ኪዳን የስኳሩን ሚዛን በጨርቅ ወልውላ፣ አማትባ፣ መቋሚያውን አጋድማ አስቀመጠችው። «ይኸው ይኼንም አየሁ!» አለች። ስምንት መቶ ግራም። ትንቢት ደብተሯ ላይ «ስምንት ኒውተን» ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት በደብሩ አዳራሽ የወረብ ጥናት ነበር። ትንቢትና መሲ በሩ አጠገብ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጡ። መሲ የወንበር ጓደኛዋ ናት፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ከእናቷ ሰርቃ መጥታለች፤ ከሒሳብ ጋር ደግሞ እንደ እህት ናት። ከዛፎቹ መሀል ሐይቁ ብልጭ ይላል። አንዲት ጀልባ እያጓራች ወደ ደሴቶቹ ታልፋለች።

አዳራሹ ውስጥ መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመዋል። ዜማው ገና ዝግ ያለ ነው። መቋሚያዎቹ አብረው ቀስ ብለው ይነሣሉ፤ አብረው ቀስ ብለው ይወርዳሉ። መሲ መቋሚያው ከምሰሶው የቀለም መስመር ከየት እስከ የት እንደሚደርስ አይታ በሜትሩ ለካችው። ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር።

«ስምንት ኒውተን በሩብ ሜትር» አለች። «ሁለት ጁል። አንድ ማንሣት፣ ሁለት ጁል። ቁጠሪ!»

ትንቢት ቆጠረች፤ መሲ ወረቀት ላይ በአምስት በአምስት እያሰረች ጭረት ጫረች። አንድ ጊዜ ትንቢት አስነጥሷት ሁለት ማንሣት አመለጣት፤ መሲ ግን ይዛዋለች። ጥናቱ ሲያበቃ ጭረቶቹን ደመሩ። ስድስት መቶ አርባ።

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ጁል!» ጮኸች መሲ። «ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ አንጠልጥሎ የትምህርት ቤታችንን ሁለት ፎቅ መውጣት ማለት ነው እኮ!»

ተቃቅፈው ዘለሉ። ከአዳራሹ የሚወጡ አንድ ሽማግሌ «ምን ወረደባችሁ?» ብለው እስኪገላምጧቸው ድረስ ዘለሉ። ቃሉ ነው መሰል፣ መሲ መዝለሏን አቆመች። እርሳሷን ነከሰች።

«ትንቢት… ሲወርድስ?»

«ምኑ?»

«መቋሚያው ነዋ። አያወርዱትም? ቀስ አድርገው ነው የሚያወርዱት፤ እጃቸው ወደ ላይ ይደግፋል፣ መቋሚያው ወደ ታች ይሄዳል። ቲቸር ምን ብለው ነበር? ኃይሉና ጉዞው ከተቃረኑ ሥራው ኔጌቲቭ ነው። ሲነሣ ሁለት፣ ሲወርድ ኔጌቲቭ ሁለት…»

«ስለዚህ ድምሩ…»

«እ።»

«አትበዪው!»

«ዜሮ» አለች መሲ በቀስታ።

ሁለቱም ጭረቱን አዩት። ያን ሁሉ ጭረት።

«ስሚኝ» አለች መሲ። «ኪሩቤል ስለ መውረዱ ትዝም አይለው። ቲቸርም ቢያውቁ ያዝኑልናል። ‹የማንሣት ሥራ› ብለን እንጻፍና ዝም እንበል። አንሥተው የለ? ውሸት አይደለም።»

«ግማሽ ነዋ።»

«ግማሽ እውነት ውሸት ነው እንዴ?»

ትንቢት ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቷ ብስክሌታቸውን እየገፉ፣ እሷ ከጎናቸው፣ በሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ቤት ሄዱ። ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክላለች። ወረቀቱ ኪሷ ውስጥ ድንጋይ ሆኗል።

«ሒሳቡ ስንት ሆነ?» አሉ መሪጌታ።

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ።»

«በዛ ወይስ አነሰ?»

«ደህና ነው። የተነሣውን ብቻ ከቆጠርን።»

መሪጌታ ቆሙ። «የወረደውንስ?»

«የወረደው ከተቆጠረ ይጣፋል። ዜሮ ነው የሚሆን።» ሌላውም ተከትሎ ወጣ፤ የኪሩቤል ቀልድ፣ የመሲ ምክር፣ አባ ዜሮም ሳይቀር። ቀና ብላ ማየት ፈራች።

የሰማችው ግን ሳቅ ነው። አባቷ ብስክሌቷ እጃቸው ላይ እስክትንገዳገድ ድረስ ይስቃሉ።

«አባ ዜሮ! በቅኔ ቤት ሳለሁ ከወጣልኝ ስም በስንት ጣዕሙ!»

«ምን ነበር የወጣልዎ?»

«አልነግርሽም፤ እናትሽም አታውቀው።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ታዲያ መውረዱን የምትተዪው ለምንድን ነው? ወረብ ማንሣት ብቻ ሆነ? መቋሚያዬን እንዳነሣሁት አየር ላይ ትቼው ብመጣ እኮ አገር ጉድ ይል ነበር።»

ትንቢት ሳትወድ ሳቀች። «ዜሮ ብዬ ስጽፍ አይከፋዎትም?»

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ‹ሥራ› ኅብር ቃል ነው። አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ይፈታል። የመምህርሽ ፍች ልክ ነው፤ የእኔም ልክ ነው። አንዱን በሌላው መፍታት ነው ስሕተቱ።» ትንሽ ሄዱና ደግሞ ቆሙ። «ጉልበትስ? መጽሐፋችሁ ጉልበት አያውቅም?»

«ያውቃል። ጉልበት ሥራ የመሥራት ችሎታ ነው። አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ቀኝ ጉልበታቸውን አሹ። «የእኔው እዚህ ነው። ከትናንት ጀምሮ ‹ቅባት ቀባኝ› እያለ ይነዘንዘኛል። ሥራው ዜሮ ከሆነ ይኼን ማን አደከመው? እስቲ መምህርሽን ጠይቂልኝ።»

ትንቢት ደጋግማ አሰበችው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤት እንደ ገባች ወረቀቱን ዘርግታ፣ ከ«ሲነሣ» በታች «ሲወርድ» ብላ ጻፈች።

ሰኞ ትንቢት ወረቀቷን ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመች።

«መጀመሪያ አንድ ረዳት እፈልጋለሁ» አለች። «ኪሩቤል፣ ቦርሳህን እንደ ቲቸር በተዘረጋ እጅ ያዝልኝ። እስክጨርስ ብቻ።»

«በናትሽ ይቺን?» አለ ኪሩቤል፤ ለክፍሉ እጅ እየነሣ ወጥቶ ቦርሳውን በአንድ እጁ ዘረጋ።

ትንቢት ጻፈች። ሲነሣ፣ 1280። ሲወርድ፣ −1280። ድምር፦ 0። ከመስኮቱ በኩል አንዱ «አባ ዜሮ!» አለ። ሳቅ ተነሣ። ፊቷ ጋለ፤ ግን አልተቀመጠችም።

«አዎ፣ መቋሚያው ላይ የተሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ሁለት ጊዜ አስልተነዋል። ግን ቲቸር፣ አባቴ ጥያቄ ልከውልዎታል። ጉልበት አይጠፋም ብለውናል። መቋሚያው ምንም ካላተረፈ የአባቴ ጉልበት የት ሄደ? ለምን ደከማቸው?»

መምህር ሕዝቅኤል ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ቦርሳው ዷ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ለምን ጣልኸው?» አለች ትንቢት።

«ክንዴ ተቃጠለ እኮ!» ኪሩቤል ትከሻውን ያሻል፤ ግንባሩ አብረቅርቋል።

«ምን ሠርተህ? ርቀቱ ዜሮ ነው።»

አሁን ሳቁ አቅጣጫውን ቀየረ። መሲ ጠረጴዛ መታች። መምህር ሕዝቅኤልም እየሳቁ የኪሩቤልን የእጅ አንጓ ያዙና ሰዓታቸውን እያዩ የልቡን ምት ቆጠሩ።

«መቶ ስምንት። ቁጭ ብለህ ስትስቅ ሰማንያ ግድም ነው የሚሆነው። አያችሁ? ቦርሳው አላተረፈም፤ ኪሩቤል ግን ቁርሱን አቃጥሏል። ጡንቻ እንደ ሚስማር አይደለም፤ ዕቃ ለመደገፍ ብቻ እንኳ ውስጥ ውስጡን ሲኮማተር ሲላቀቅ ይውላል፤ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የመሪጌታ ጉልበት የሄደው እዚያ ነው። መቋሚያው ላይ ፈለግነው እንጂ እሳቸው ውስጥ አልፈለግነውም።» ጠመኔያቸውን አነሡ። «ይኼ ሁለት ደቂቃ ነው። የሁለት ሰዓቱ ስንት ይሆን? እኔም አላውቅም። መለካት አለበት። ትንቢትና መሲ የልብ ምት ይቆጥራሉ። ቅዳሜ የወረብ ጥናቱ ላይ ከመሪጌታ ጋር የሚቆመውስ ማን ነው?»

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ኪሩቤልን አየ።

«ምን አድርግ ነው የምትሉኝ? ቅዳሜ ኳስ አለብኝ።»

«ኳሱ ጠዋት ነው» አለች መሲ።

«መቋሚያ የለኝም።»

«አባቴ ያውሱሃል» አለች ትንቢት።

«ቁጭ ማለት ይቻላል?»

«አይቻልም።»

«ሞባይል?»

«ኧረ በስማም!»

ኪሩቤል ቦርሳውን ከወለሉ አነሣ፤ በሌላኛው እጁ ነው ያነሣው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእሷ ብቻ፣ «ያወጣሁላቸውን ስም አባትሽ ሰምተዋል?» አላት።

«ሰምተዋል።»

«ምን አሉ?»

«ሳቁ።»

ያልጠበቀው መልስ ነበር። የሚቀልድበት ነገር ፈልጎ ያጣ ይመስላል።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት። እስከ አሥራ አንድ።»

«እሺ» አለ ኪሩቤል። «እመጣለሁ። እስከ አሥራ አንድ እቆማለሁ።»