የአረፋው በሬ ልብ

«ልቡስ? የበሬው ልብ የት ገባ?»

የእናቷ የዘምዘም ጩኸት ከጓዳ ሲመጣ፣ ዘሀራ ጓሮ ከተሰቀሉት ቆዳዎች ጀርባ ቁጢጥ ብላ ነበር። የሚፈለገው ልብ ደግሞ እጇ ላይ ነው። ወይ ጉድ! በአረፋ ቀን፣ ያውም የአያ ሰዒድን ድርሻ!

አያ ሰዒድ የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። በየዓመቱ በሬው ሲታረድ ልቡ ያለ ክርክር የእሳቸው ነው። «ጥርሴ ቢረግፍም ለልብ የሚሆን አላጣም» ይላሉ። የነብር ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም፤ ዘሀራም አልለቀቀችም።

«ራቢያ፣ ነይ እስቲ ወዲህ ጠጋ በይ» አለች።

ታናሽ እህቷ ራቢያ ጋቢ ተከናንባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ባለፈው ሳምንት ኮርቻ ሰፊው አባታቸው ሙሳ በበቅሎ ጭነው ወደ ጣሊያኑ ሐኪም ወስደዋት ነበር። ጣሊያን ደብረ ታቦርን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሐኪሙ ደረቷን ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። አስተርጓሚውም «ልብ ውስጥ በሮች አሉ። የእሷ አንደኛው በደንብ አይገጥምም፣ ደሙን ወደ ኋላ ያፈሳል። ከባድ አትሸከም፣ በደንብ ትብላ፣ ዕድሜ ይኖራታል። ገብቶ የሚሰፋው እጅ ግን እስካሁን የለም» አለ።

«ጣሊያን መሆኑን ጠላሁለት እንጂ ሰውየውስ ደግ ነው» አሉ ሙሳ ሲመለሱ። ራቢያ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘችው የመጨረሻዋን ብቻ ነው። «ልቤ ቀዳዳ ነው» ብላ ተኛች፣ እህልም እንቢ አለች። ጉንጯ ሲጎድል ዘሀራ በየቀኑ ታይ ነበር።

አሁን የልቡን ጫፍ ከታች ቆረጠችና ከላይ በወፍራሙ የደም ሥር ውሃ በቅል አፈሰሰችበት። ውስጡ ያሉት ሦስት ስስ ኪሶች ተነፍተው ግጥም አሉ። ከታች ምንም አልወረደም።

«በሮቹ እነዚህ ናቸው።»

ራቢያ ሳታስበው አንገቷን አሰገገች። ዘሀራ አንዱን ኪስ በምላጭ ጫር አደረገችው። ውሃው ከታች መንጠባጠብ ጀመረ።

«ያንቺ ይኼን ይመስላል።»

«አላልኩሽም? አለቀልኝ!»

«ምን አለቀልሽ! ሁለቱ ዘብ ቆመው የለም እንዴ? ይልቅ ቅሉን ያዢልኝ።»

ከአባቷ ከረጢት ያመጣችውን ቀጭን መርፌና ሰም የተቀባ ክር አወጣች። ስሱ ነገር መጀመሪያ ተቀደደባት።

«ቀስ በያ! ጠርዙን ተዪው፣ ወደ ውስጥ ገባ አድርጊው» ራቢያ ማዘዝ ጀመረች።

ሰፋች፣ ቋጠረች። ራቢያ ውሃ ጨመረች። አንድ ጠብታ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ።

«ያዘ! ኧረ ያዘ!» ራቢያ እስኪያልባት ሳቀች። ትንፋሽ አጥሯት እንኳ መሳቋን አልተወችም፤ ዘሀራ ጀርባዋን ደግፋ አብራ ሳቀች።

ጩኸቱን ሰምታ እናታቸው ደረሰች። «እዚህ ነዋ! ሽማግሌውን በረሃብ ልትጨርሷቸው ነው?» ልቡን ነጥቃ ሄደች። በጥድፊያ ቆራርጣ ድስት ውስጥ ጨመረችው። ዘሀራ ስለ ክሩ ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ገበታ ቀረበ። አያ ሰዒድ አኘኩ፣ አኘኩ፣ ቆም አሉ። ከአፋቸው ክር ሳብ አደረጉ።

«ሙሳ! በሬው ኮርቻ ውጦ ነበር እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቷ ግን በሐፍረት ቀላች፤ «ከበርበሬው ጆንያ ገብቶ ይሆናል፣ አፈር ስሆን ይቅር ይበሉኝ» አለች። ሙሳ ክሩን ተቀብለው አገላበጡት። ዘሀራ ዝም ብትል ጆንያው ይወቀስና ነገሩ ያልፍ ነበር። እናቷን አየች።

«ጆንያው አይደለም። እኔ ነኝ፣ አባ። ለራቢያ ላሳያት ብዬ ነው።»

ሁሉንም ተናገረች። ሙሳ ከትሪው ሌላ ቁራጭ አነሱ፤ የቀረው ስፌት እዚያ ላይ ነበር። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ውሃውን ያዘ?»

«ያዘ፣ አባ።»

ከጥግ ድምፅ መጣ። «የተሰፋውን ለእኔ ስጡኝ።»

ራቢያ ናት። ልባቸውን ለማንም አካፍለው የማያውቁት አያ ሰዒድ ቁራጩን ተቀበሉ፣ ክሩን በጥንቃቄ መዝዘው አወጡና እጃቸውን ዘረጉ። «በሞቴ!» ብለው አጎረሷት።

ራቢያ ብዙ አኘከች። «ጠንካራ ነው» አለች፤ ደግማም አፏን ከፈተች። እናታቸው ወደ ጓዳ ዞራ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ገበታው ሲነሳ ዘሀራ ክሩን ከትሪው ጠርዝ ለቅማ አጠበችው። መርፌዋ ላይ ጠመጠመችውና ሻሿ ጫፍ ላይ ሰካችው። ሐኪሙ እስካሁን የለም አለ እንጂ አይኖርም አላለም።

«መርፌዬስ?» አሉ ሙሳ።

«እኔ ዘንድ ትቆይ፣ አባ።»