እፍ ሳይሉት የሚጠፋ ሻማ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የእህቴ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በ«ለምን» ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ «ለምንዬ» ይላታል። የልብስ ስፌት ሱቄ ከትምህርት ቤቷ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ፣ ከክፍል ስትወጣ እናቷ እስክትመጣ እኔ ዘንድ ትቆያለች።

«ጋሼ፣ መርፌ ካላየች ዓይን ምን ያደርግላታል?» ትለኛለች።

እኔም ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ የሚጠይቅ ልጅ ያለበት ቤት አይጨልምም።

አንድ ሰሞን ግን ይህቺ ልጅ ዝም አለች። እናቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ የሰው ፀጉር እየሠራች የሰው ሆድ ታነባለች። የገዛ ልጇን ሆድ ማንበብ ግን አቃታት።

«ልጄን ምን አስነኩብኝ? ትናንት በረዶ ሲዘንብ ዋለ፤ አንዲት ጥያቄ የለም!» አለችኝ።

ልጅቷን አባብዬ አናገርኳት።

«ሳይንስ ላይ ሳቁብኝ፣ ጋሼ።»

«ምን ብለሽ ነው?»

«ቲቸር ሙከራ አጻፈችን። ‹የበራ ሻማ ብርጭቆ ሲደፋበት ይጠፋል› ይላል። እኔ ደግሞ ‹የት ይሄዳል?› አልኩ።»

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። «የት ይሄዳል ስትይ?»

«እፍ ያለው ሰው የለማ! እፍ ሳይሉት እንዴት ይጠፋል? ስለዚህ የጠፋው ሻማው ራሱ ነዋ፣ እንደ እርሳሴ! ቲቸር የቀለድኩባት መሰላትና ‹ጠፋ ማለት ጠፋ ነው፣ ጻፊ!› አለችኝ። አሁን ‹ሻማ ፈላጊዋ› ነው የሚሉኝ። ሁለተኛ አልጠይቅም።»

ይህንኑ ለእናቷ ነገርኳት። የወላጆች ስብሰባ ሲደርስ አብሬያት ሄድኩ፤ ርእሰ መምህሩ ስለ አጥሩ ቀለም ተናግረው ሳይቀመጡ እህቴ እጇን አወጣች።

«ልጆቻችን ሙከራ ሲጽፉ ከረሙ። የሚሠሩት መቼ ነው?»

ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ የዕቃ ነገር ግን ያስፈራቸዋል። «የኔ እመቤት፣ መሣሪያውማ አለ። ከነካርቶኑ መጋዘን ተቆልፎበታል። ልጅ ከነካው ይሰበራል። ደግሞስ ፈተና ላይ የሚመጣው መልሱ ነው፤ መልሱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል።»

እህቴ የልጇን ነገር አንድ ሳታስቀር ተናገረች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሹፌር እንባቸውን እየጠረጉ «እኔም ብሆን ጠረጴዛ ሥር እፈልገው ነበር!» አሉ።

ያልሳቀችው መምህሯ ብቻ ነበረች። ብድግ አለች።

«የቀለደችብኝ መስሎኝ ነው። ለካስ አስባ ኖሯል። እውነቱን ልናገር? ይህን ሙከራ ተማሪ ሆኜ ጻፍኩት፣ አሁን ደግሞ አጽፈዋለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ነገ ከልጆቹ ጋር ልሥራው።»

«ብርጭቆው ቢሰበርስ?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«የኔ ልጅ ጥያቄ ተሰብሯል» አለች እህቴ፤ «እሱንስ ከየትኛው መጋዘን ላውጣላት?»

ርእሰ መምህሩ አንገታቸውን አከኩ። «እንግዲህ... እኔ ባለሁበት ይሁን።»

በማግስቱ እኔና እህቴ የክፍሉ በር ላይ ቆመን አየን። መምህሯ ሻማውን ለኮሰችና ትንሹን ብርጭቆ ለለምንዬ ሰጠቻት። «ነይ፣ የኔ እናት፣ አንቺ ድፊው።»

ልጅቷ ደፋችው። ነበልባሉ ሳሳ፣ ተንጠራራ፣ እልም አለ። ቀጭን ጢስ ብርጭቆው ውስጥ ተጥመለመለ።

«ሻማው አለ! የትም አልሄደም!» ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። «እሳቱ ነው የጠፋው!»

«እሳትም እንደኛ አየር ይፈልጋል» አለች መምህሯ፣ ከልጆቹ ይልቅ እሷ ተደስታ። «ብርጭቆው ውስጥ የሚበቃው አየር አለቀበት።»

ትልቁን ብርጭቆ ሲደፉበት ደግሞ ነበልባሉ ቆየ። ሁሉም ለማየት ሲጋፋ የአንዱ ክርን ትንሹን ብርጭቆ ነካው። ተንከባለለ፤ ወለሉ ላይ ተሰበረ። ሁሉም ርእሰ መምህሩን አየ።

እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከሻማው አልነቀሉም። «ቆይ፣ ቆይ! ትልቁ ውስጥ ለምን ቆየ?» ካሉ በኋላ ነው ስብርባሪውን ያዩት። «አትንኩት ልጆች፣ ይቆርጣችኋል» ብለው መጥረጊያ ይዘው ራሳቸው ጠረጉት።

ያን ጊዜ አንዲት እጅ ቀስ ብላ ወጣች። እህቴ ክንዴን ጨመደደችው።

«ቲቸር... ባልዲ ብንደፋበትስ?»

«ባልዲ ውስጥ በምን እናየዋለን?» አለ አንዱ፤ ክፍሉም ሳቀ። ለምንዬም አብራ ሳቀች። «እንግዲያው የሚያሳይ ባልዲ ፈልጉ!» አለች።

«እኔም ስንት እንደሚቆይ አላውቅም፤ አብረን እናያለን» አለች መምህሯ። ርእሰ መምህሩ ዕቃውን ይዞ ወደመጣው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዞረው «ትልቁን የመስታወት ዕቃ አምጣ። ስትመለስ መጋዘኑን እንዳትቆልፈው፤ ካርቶኖቹን ሁሉ እናወጣለን» አሉ።

ወላጆች፣ መምህራን፦ ፈጣሪ ለልጆቻችን እጅ የሰጣቸው እስክሪብቶ እንዲይዙበት ብቻ አይደለም። ስታስተምሯቸው አስነኳቸው፣ አስለኩሷቸው፣ አጠገባቸው ቆማችሁ ጠብቋቸው። ልጅ የሚያስቅ ጥያቄ ሲጠይቃችሁም ሳቁ፤ ግዴለም። ከሳቃችሁ በኋላ ግን «ነይ እንሞክረው» በሏት።